ከመደርደሪያው ጀርባ

ሐሙስ ማታ ነው ሥራችን፣ ኢሻ ሶላት ተሰግዶ፣
ሳልሚያ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው ወርዶ፣
አቡ ነዋፍ ከሶፋው ላይ፣ ነጠላ ጫማውን አውልቆ፣
በጉትራው ጫፍ ዓይኑን ሸፍኖ አጥብቆ፤
እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣
ግድግዳው ቆጥቦ በተወልኝ ክፍተት፣ ልክ በልኬ፣
የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣
ከሸክላ ማጫወቻው ወደ ማጉያው የሚሄደውን ገመድ ዳስሼ፣
እነቅላለሁ፤ ሌላ እሰካለሁ፤
«ጨርሻለሁ» እላለሁ።

«ትሩንጅ» ነው የሚለኝ፤ ትርንጎ ማለት አቅቶት አይደል፣
ፍሬዋን ያውቃታል፤ በእሱም ቋንቋ ያቺው ናት፣ አንድ ፊደል ብትጎድል።
«ትሩንጅ፣ የትኛው እንደሆነ አንቺ እንዳትነግሪኝ፣
ጆሮዬ ራሱ ይንገረኝ።»

ገመዶቹ አራት ናቸው።
መዳቡ፣ ወፍራም፣ ብርድ የያዘው እባብ፣ እንቢ የሚል ለመታጠፍ፤
ጥቁሩ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣
ስይዘው ጣቶቼ ሳያማክሩኝ ይሄዳሉ ጫፉን ሊቋጥሩ፤
ሦስተኛው ብር ነው። ሁለት ጊዜ ብር ነው ብሩ፤
ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዲናር።
የእኔ ወር ዘጠና ነው፤ በክርኔ ላይ ስጠቀልለው
አሥራ አንድ ወር ነው፣ ከነወለሉ ከነሳህኑ፣ የማንጠለጥለው።
አራተኛው ነጭ፣ ቀጭን፣ ማንም የማይጠራው በስም፤
ከተሰበረ ቴሌቪዥን ጋር ሊጣል ሲል እኔ አስቀረሁት፤
«ይሁን» አለ፣ «ለማነጻጸር አይከፋም።»

ሸክላው ያረጀ ነው፤ የዕንቁ ጠላቂዎች የባሕር ዜማ፤
አንዱ ያወጣል፣ አርባው ይቀበላል፣ እጅ ይመታል በጨለማ።
ከተቀባዮቹ መሀል አባቱ አለ፣
አንድ ጣቱን የመልሕቅ ገመድ በልቶበት፣ ጭብጨባው ከሰው ኋላ የዋለ፣
ግማሽ ትንፋሽ ዘግይቶ፣ ጎዶሎ ሆኖ የሚመጣ።
ይኸው ልጁ፣ ሰባ ዓመት ሞልቶት፣ ተቀምጧል
ገመድ የበላውን ጣት በገመድ ሊያመጣ።

«ጻፊ» ይለኛል። በራሴ ፊደል እጽፋለሁ፤ እሱ አያነብም።
መዳብ፦ «ሰፊ ነው፣ ግን ጭቃ አለው፣ አይጠራም።»
ጥቁር፦ «አውጪው ቀረበ፣ ጀልባዋ ግን ጠፋች።»
ብር፦ «ብርሃን አለው፤ ጥርስም አለው፤ ጸናጽሏ ነከሰች።»
ነጭ፦ «አሁን ብሩ ነው፣ አይደል?» አለ፣ ደስ ብሎት እንደ ልጅ።
ዝም አልኩ። ብር ሲናገር ዝም ይላል የሠራተኛ እጅ።

በነሐሴ አንድ ሐሙስ፣ ባሕሩ መስኮቱን ባላበበት፣
ኤሲው ከጣሪያ ማጅራቴን መታኝ፤ ሪሞቱን አንስቼ ዘጋሁት።
ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አልነካሁም፤
ነጩ እንደተሰካ ነው፤ ገመድ አልቀየርኩም።
ለካ ያ ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያፏጭ ነበር!
ፉጨቱ ሲሞት፣ ውሃ ጣውላ ሲልስ ሰማሁ፣ ከዜማው ሥር።
አርባው እጅ አንድ ላይ ወደቀ።
ከዚያ
አንድ። ብቻውን። ጎዶሎ። የዘገየ።

እሱ ከሶፋው አልተንቀሳቀሰ፤
ጉትራው ግን ዓይኑ ላይ ራሰ።
«የትኛው ነው?» አለ፣ ድምፁ ያነሰ።

እጄን አየሁት፤ ባዶ። ዘጠኝ መቶ ሰማንያው ዲናር
ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር።
«ሦስተኛው» አልኩት።
ደብተሩ ላይ ግን «ገመድ አይደለም፤ ኤሲው ነው» ብዬ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ብሩ ተሰክቶ ቀረ። እኔም፣ በቀስታ፣
ከሁሉ አስቀድሜ ኤሲውን እዘጋለሁ ሐሙስ ማታ።
ላብ ከአገጩ ሲንጠባጠብ «ለምን ሞቀ?» ብሎ አያውቅም።
ባለፈው ሳምንት ግን፣ ዓይኑን ሳይሸፍን፣ ሳይቀመጥም፣
ሪሞቱን ከጠረጴዛው አንስቶ በእጄ አስያዘኝ።
ምንም አላለኝ።
ሸክላው ዞረ። ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቼ
ምንጣፉ ዳር ተቀመጥኩ፤
የዘገየውን
ጠበቅን።